የጅማው መጽሐፍ ቤት የቅዳሜ ውይይት፦ የሴቶች ታላላቅ ልብ ወለዶችና «ማን ጻፈው?» የሚለው ክርክር

በጅማ ከተማ ከፈረንጅ አራዳ ትንሽ ወረድ ብሎ የሚገኘው መጽሐፍ አከራይ ቤት በበሩ ላይ የተሰቀለ ስም የለውም፤ ደንበኞቹ «መጽሐፍ ቤቱ» ብቻ ይሉታል፤ እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ። ቤቱ መጻሕፍት ከማከራየቱና ያገለገሉትን ከመሸጡ በተጨማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንባብ ውይይት ያካሂዳል። በዚህ ክረምት የያዘው ርዕስ በሴቶች ከተጻፉ ልብ ወለዶች ታላላቆቹ የትኞቹ እንደሆኑና የአንዳንዶቹ ደራሲነት ለምን እንደተጠረጠረ መመርመር ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ቤቱን ለማያውቁ አንባቢያን ለመጠቆም፣ እንዲሁም ውይይቱ አሁን ካለበት የተሻለ ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል ስለማምን ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ማስረጃ ጠያቂነቱ እጅግ የሚያስመሰግነው ሲሆን ጥርጣሬውን ከመጽሐፉ ማስቀደሙ ግን ሊታረም የሚገባው ጉድለቱ ነው።

ስለ አገልግሎቱ በአጭሩ ልናገር። መጽሐፍ ለመከራየት መታወቂያ ማሳየትና የመጽሐፉን ዋጋ ግማሽ በመያዣነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ኪራዩ ለአንድ ሳምንት 30 ብር ነው። ለውይይቱ መግቢያ 50 ብር ይከፈላል፤ በዚህም ውስጥ ቡናው ይካተታል። ቡናው እዚያው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ የሚቀርብ ነው፤ በጅማ ስለ ቡና ብዙ መናገር ስለማያስፈልግ በዚህ አልፈዋለሁ። ለየሳምንቱ የተመረጠው ልብ ወለድ ቢያንስ በሦስት ቅጂ እንዲገኝ ይደረጋል፤ በቂ ቅጂ ካልተገኘ የተመረጡ ምዕራፎች በፎቶ ኮፒ ተባዝተው በገጽ ሒሳብ ይሸጣሉ። ኮፒው አንዳንድ ጊዜ ደብዝዞ የሚወጣ በመሆኑ ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ብታዩ ይሻላል።

በየውይይቱ አንድ ተናጋሪ የመጽሐፉን ደራሲነት እየተጠራጠረ፣ ሌላው ለደራሲዋ እየቆመ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጣል። ውይይቱን የሚመሩት ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሲሆኑ፣ ያወጡት አንድ ደንብ ቤቱን ከተራ የቡና ላይ ክርክር ለይቶታል። ደንቡ የሚለው፣ «መጽሐፉን ያች ሴት አልጻፈችውም» የሚል ተናጋሪ ሁሉ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተናገረና በእጁ ምን ወረቀት እንደነበረው ሳያስረዳ ወደ ሌላ ነጥብ አያልፍም ነው። ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ሲታይ ግን ብዙውን ሐሜት ገና ከደጃፉ ይመልሰዋል።

ይህ ደንብ በተሟላ ሁኔታ ሲሠራ ያየሁት በሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ላይ በተደረገው ውይይት ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም የደራሲ ስም አልነበረበትም፤ መቅድሙን የጻፈው ባሏ ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ ነበር፤ መታሰቢያነቱም ለአባቷ ለዊልያም ጎድዊን ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ዋልተር ስኮትን የመሰለ ታላቅ ደራሲ ሳይቀር በዚያው ዓመት ባወጣው ግምገማ መጽሐፉን የፐርሲ ሥራ አድርጎ መቁጠሩ ብዙም አያስደንቅም። የሜሪ ስም በሽፋኑ ላይ የወጣው በ1823 በታተመው ሁለተኛ እትም ነው። በ1831 እትም መግቢያ ላይም ከታሪኩ አንድም ክስተት በባሏ ጥቆማ እንዳልመጣላት በማያሻማ ቃል አስታውቃለች። ተጠራጣሪው ተናጋሪ ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ካቀረበ በኋላ መምህሩ ላፕቶፕ አስከፍተው የእጅ ጽሑፉን ገጾች በግድግዳ ላይ አሳዩ። ረቂቁ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ምስሉም በሼሊና ጎድዊን ማኅደር አማካይነት በኢንተርኔት በነጻ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። የሜሪ ጽሑፍ ገጹን ሞልቶ፣ የፐርሲ እርማት በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ ላይ ገብቶ ይታያል። ረቂቁን በዝርዝር ያጠናው ቻርልስ ሮቢንሰን 72,000 ያህል ቃላት ካሉት ሥራ ውስጥ የፐርሲ ድርሻ ከ4,000 እስከ 5,000 እንደሚደርስ ገምቷል። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም በማንኛውም ማተሚያ ቤት ዘንድ አርታዒ የሚባል ሰው የሚሠራው ሥራ ነው፤ እርማቶቹም አዘውትረው የሜሪን ቀላል አገላለጽ ይበልጥ የከበደ ያደርጉታል እንጂ ታሪኩን አይፈጥሩም። አንዲት የነርስነት ተማሪ «ታዲያ ወንድ ደራሲ ሚስቱ ስታርምለት መጽሐፉ የእሷ ነው የሚል ሰው ለምን አልተነሣም?» ብላ ስትጠይቅ የመለሰላት አልነበረም፤ ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ መታለፉ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከሁሉም የበለጠው ግን የአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የቀረበበት ቅዳሜ ነበር። መጽሐፉ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመውና «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ የታተመው ይኸው ሥራ ነው። በመጽሐፍ ቤቱ ያለው ቅጂ ጀርባው ተደጋግሞ የተለጠፈ፣ ለመከራየትም ወረፋ የሚያዝበት ነው። በዚያ ቀን ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ መጽሐፉን አንብበውት ስለነበር ክርክሩ ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ሚቼል በሕይወቷ ሌላ ልብ ወለድ ሳታሳትም ቀርታለች። ባሏ ጆን ማርሽ ረቂቁን በማረም ይረዳት ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች ተዳምረው መጽሐፉን የጻፈው ባልየው ነው፣ ወይም ሌላ የታወቀ ደራሲ ገንዘብ ተከፍሎት ጽፎላታል የሚል ወሬ አስነሡ። ሚቼል በ1949 አትላንታ ውስጥ በመኪና ተገጭታ ሞተች፤ ወረቀቶቿ እንዲቃጠሉ ትፈልግ ስለነበርም ማርሽ አብዛኛውን አቃጠለ። ሆኖም ሁሉንም አላቃጠለም። የተወሰኑ ረቂቆችንና ማስታወሻዎችን መርጦ በፖስታ አሽጎ በባንክ ካዝና ውስጥ አስቀመጠ፤ በ1951 በኑዛዜው ላይ በጨመረው ቃልም እነዚህን ወረቀቶች ያስቀረው ወደፊት መጽሐፉን ሌላ ሰው ጻፈው የሚል ቢነሣ የሚስቱን ደራሲነት ለማረጋገጥ እንዲያገለግሉ መሆኑን ገለጸ። በሚቀጥለው ዓመት እርሱም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በሚገኝ ፒኮት በተባለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፉ የመጨረሻ አራት ምዕራፎች ረቂቅ ከነእርማቱ እንዳለ ይፋ ሆነ፤ ሰነዱን ለቤተ መጻሕፍቱ ያበረከተው ከመጽሐፉ አሳታሚዎች አንዱ ነበር።

ይህ ሲነገር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነሥታ ለመምህሩ «ጋሼ፣ እውነተኛው ደራሲ ባልየው ቢሆን ኖሮ እሷ ከሞተች በኋላ ማስረጃውን ለራሱ አያደርገውም ነበር?» አለቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ጥሩ ብለሻል፤ ግን ይህ የሰውየውን ጠባይ እንጂ ወረቀቱን አይነግረንም፤ ወረቀቱስ ምን ይላል?» ብለው መለሱላት። ያን ጊዜ አንድ ፋርማሲስት ጣልቃ ገብተው የማረም ምልክትና የመፍጠር ምልክት በረቂቅ ላይ እንዴት እንደሚለይ መናገር ጀመሩ፤ የጻፈ ሰው አንድን ትዕይንት ደጋግሞ አፍርሶ እንደሚሠራ፣ ያረመ ሰው ግን የተሠራውን እንደሚያስተካክል ከራሳቸው የሪፖርት አጻጻፍ ልምድ እየጠቀሱ አስረዱ። በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ውይይት ሰምቼ አላውቅም። ወረቀት የሚባለው ነገር በአንድ ሰው ስም ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው የተረዳነው፣ ማርሽ ያሸገው ፖስታና ነቢይ የጻፈበት የሲጋራ ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረው በተነሡበት በዚያ ቅዳሜ ነው።

የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የቀረበበት ውይይት ግን ከሁሉም ደካማው ነበር፤ ምክንያቱን በሚገባ መግለጽ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የቤቱ ጉድለት ፍንትው ብሎ የታየው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ በ1847 ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም ታተመ። የልብ ወለዱ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ የለም። ወንድሟ ብራንዌል በመስከረም 1848፣ ኤሚሊም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞቱ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ የብራንዌል ወዳጆች ከልብ ወለዱ የተወሰነውን ክፍል እርሱ ራሱ ሲያነብላቸው እንደሰሙ በመናገራቸው የዛሬው ጥርጣሬ ተወለደ። በዚያ ቅዳሜ ተጠራጣሪው ተናጋሪ ከተመደበው ሰዓት ሁለት እጁን ወሰደ፤ ዋናው ክርክሩም ከቤት ብዙ ያልወጣች የቄስ ልጅ እንዲህ ያለ ጭካኔና እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት ታውቃለች የሚል ነበር። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ሴት ልጅ ምን ልታስብ እንደምትችል አስቀድሞ የተወሰነ ፍርድ ነው። መምህሩ በሌላ ቀን የሚያስከብሩትን ደንብ በዚያ ቀን አላስከበሩም። ለኤሚሊ የቆመው ተናጋሪም በቂ ዝግጅት ስላላደረገ አዳራሹ ለጥርጣሬው አደላ። ከሁሉ የከፋው፣ ልብ ወለዱን አንድም ሰው ገልጦ አንድ አንቀጽ አላነበበም።

ቢዘጋጁበት ኖሮ የሚቀርበው ብዙ ነበር። እህቷ ሻርሎት ወንድማቸው ከሞተ ከቀናት በኋላ ለአሳታሚዋ ቤት በጻፈችው ደብዳቤ ብራንዌል እህቶቹ በሥነ ጽሑፍ የሠሩትን ሳያውቅ፣ አንድ መስመር እንኳ ማሳተማቸውን ሳይሰማ እንደሞተ ተናግራለች፤ በ1850 እትም ላይም የኤሊስ ቤልን ማንነት በግልጽ አስቀምጣለች። ሦስቱ እህቶች የጻፉባቸው የብዕር ስሞች፣ ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል፣ የአንድ ሰው ናቸው የሚለው ወሬ በሕይወታቸው ሳሉ ተነሥቶ ስለነበር ሻርሎትና ታናሽ እህቷ አን በሐምሌ 1848 ለንደን ድረስ ሄደው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ለአሳታሚው በአካል አሳይተዋል። የኤሚሊ ግጥሞች በ1846 ከእህቶቿ ግጥሞች ጋር ታትመዋል፤ በእጇ የጻፈቻቸው የግጥም ደብተሮች ስለተረፉም ሞት፣ ነፋስና የማይገራ ልብ በእነዚያ ገጾች ላይ ከልብ ወለዱ በፊት እንደነበሩ ማየት ይቻላል። ከዚህም ሌላ ሕግ አዋቂው ሲ. ፒ. ሳንገር በ1926 ባወጣው ጥናት የልብ ወለዱ ዘመን አቆጣጠር፣ የሁለቱ ቤተሰቦች የትውልድ ሐረግና የመሬት ውርስ ሕጉ ሳይቀር በጥንቃቄ የተሰላ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ስሌት መጀመሪያውን አንድ ሰው፣ ቀሪውን ሌላ ሰው ጻፈው ለሚለው መላምት የሚመች አይደለም። ይህን ሁሉ ለማቅረብ ሌላ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም ነበር፤ ልብ ወለዱን ይዞ የቤተሰቦቹን ዘመን በሰሌዳ ላይ እየመዘገቡ መቁጠር ብቻ ይበቃ ነበር።

ሌሎቹን ውይይቶች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። በአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሙራሳኪ ሺኪቡ በጃፓን የጻፈችው «የገንጂ ታሪክ» ከ54 ምዕራፎቹ ውስጥ በኡጂ የሚፈጸመውን ታሪክ የያዙት የመጨረሻዎቹ አሥር ምዕራፎች የልጇ የዳይኒ ኖ ሳንሚ ናቸው የሚል የቆየ አባባል አለ፤ ጥርጣሬው ወደ ወንድ ሳይሆን ወደ ሌላ ሴት ሲያመራ ያየነው በዚህ ብቻ ነው። በ1678 ያለ ስም የታተመው የማዳም ደ ላ ፋዬት «የክሌቭ ልዕልት» የቀረበ ዕለት ዝናቡ ስለበረታ ውይይቱ ሳይሟሟቅ ተበተነ። ጆርጅ ኤልየት በሚል የወንድ ብዕር ስም የምትጽፈው እንግሊዛዊቷ ሜሪ አን ኤቫንስ በ1859 «አዳም ቢድን» ባወጣች ጊዜ ጆሴፍ ሊጊንስ የተባለ ሰው ደራሲው እርሱ ነው ተብሎ በሰፊው ተወርቶለት፣ እርሱም ወሬውን ባለማስተባበሉ ትክክለኛዋ ደራሲ ማንነቷን ለመግለጥ ተገዳለች፤ ይህን ያቀረበችው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ያዘጋጀችው የቀን ቅደም ተከተል ለሌሎች ተናጋሪዎች ሁሉ አርአያ ሊሆን ይገባል። በ1900 የኮሌት የመጀመሪያ ልብ ወለድ በባሏ በዊሊ ስም መውጣቱ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ከጥርጣሬ ወደ ንጥቂያ ተሸጋግሮ ስለነበር አዳራሹ በአንድ ድምፅ ተቆጣ።

እዚህ ላይ ዋናውን ቅሬታዬን ላስቀምጥ። የውይይቱ ማስታወቂያ ታላላቆቹን ልብ ወለዶች እንመርጣለን የሚል ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ የተዘጋጀው በታላቅነት ሳይሆን በተጠርጣሪነት ነው። ለዚህም ነው ከጆርጅ ኤልየት ሥራዎች በብዙ ሐያስያን ዘንድ የላቀ የሚባለው፣ ከ1871 እስከ 1872 የወጣው «ሚድልማርች» ሳይቀርብ የቀረው፤ በዚያን ጊዜ ደራሲዋ ታውቃ ስለነበር የሚጠረጥራት አልተገኘም። ሐሜት ያልደረሰበት መጽሐፍ ከውድድሩ ከወጣ ለአንዲት ሴት ሥራ መነሻው ጥራቱ ሳይሆን የሰው አፍ ይሆናል ማለት ነው። ከዝርዝሩ አንዲትም ኢትዮጵያዊት አለመኖሯም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱ ሴቶችን ታሪክ የያዘ ልብ ወለድ ነው። በዚሁ ጦርነት ጊዜ የታገሉትና የታሰሩት ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «የልቤ መጽሐፍ» ግጥምና ተውኔት እንጂ ልብ ወለድ ባይሆንም፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ለጅማ አንባቢ ከየትኛውም የደራሲነት ክስ የበለጠ ፍሬ ይሰጠዋል። ይህንን ለመምህሩ በቃልም ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐሳቡን በመልካም ተቀብለው፣ ቅጂ ማግኘት ከባድ እንደሆነባቸው አስረድተውኛል።

ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱም መታረም ያለበት ነገር አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ሄዶ ከፊት መቀመጥ ይበጃል። መቀመጫው የጅማ በርጩማ ነው፤ ሥራው የሚያምር ቢሆንም ለረጅም ሰዓት መደገፊያ ለሚፈልጉ አዛውንቶች የተዘጋጁት ወንበሮች ጥቂት ናቸው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ውይይቱ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መቆየቱ ነው። ወደ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከመጨለሙ በፊት ባጃጅ ለማግኘት ሲባል ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ይወጣሉ፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ በሴቶች መጻሕፍት ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። መጀመሪያውን ወደ 7 ሰዓት ተኩል ማምጣት ምንም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው፤ አዘጋጆቹም ይህን ከመጪው ወር በፊት እንዲያደርጉት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ለመጪው ቅዳሜ የተያዘው በ1960 የታተመው የሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። የልጅነት ጎረቤቷና ወዳጇ ትሩማን ካፖቲ ጻፈላት የሚለው ወሬ መነሣቱ አይቀርም፤ ተናጋሪዎቹ ካፖቲ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በ1959 ለዘመዱ በጻፈው ደብዳቤ የእሷን ሥራ አንብቦ ተሰጥኦዋን ማድነቁን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 የመጽሐፉ ቀዳሚ ረቂቅ «ጎ ሴት ኤ ዋችማን» በሚል ርዕስ ከታተመ በኋላ የፖላንድ ተመራማሪዎች የሁለቱን መጻሕፍት የቃላት አጠቃቀም በኮምፒዩተር አነጻጽረው የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸውን እንዳሳዩ ይዘው እንዲመጡ እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቢያንስ ግማሹ ሰዓት ለመጽሐፉ ለራሱ ይተው፤ የፍርድ ቤቱ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ በልጅ ዓይን የተተረከ ታሪክ የአዋቂዎችን በደል እንዴት ሊሸከም እንደቻለ ይመርመር። ሦስቱ ቅጂዎች እስከ ሐሙስ ስለሚያልቁ መጽሐፉን መከራየት የሚፈልግ ሰው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ቢሄድ ያገኘዋል።